ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ቦታ ሲቀይር
የማከማቻ ሶፍትዌር ማሻሻያ ምን ያስገኛል? ምንስ ያስከፍላል?

አንድ ነጋዴ መቶ ኩንታል እህል ከመጋዘኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ለማዛወር ፈልጎ፣ እህሉን በመኪና አስጭኖ ሱቁ ድረስ ካስመጣ በኋላ መልሶ ወደዚያው መጋዘን ቢልከው የሚታዘበው አያጣም። ትላልቅ ድርጅቶች ግን መረጃቸውን ለዓመታት ሲያዛውሩ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ነገሩ የተያያዘው ቨርቹዋላይዜሽን ከሚባለው አሠራር ጋር ነው። ይህም አንዱን ሰርቨር በሶፍትዌር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ማሠራት ማለት ነው። በሥራው ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ቪኤምዌር ነው። በዚህ መልክ የሚፈጠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች መረጃቸውን የሚያኖሩት ብዙውን ጊዜ ሰርቨሮቹ ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት ትልቅ ማከማቻ ነው።

የ40 ጊጋባይት ቨርቹዋል ማሽን ግልባጭ ሲያስፈልግ ሰርቨሩ መረጃውን በሙሉ ከማከማቻው አንብቦ እዚያው መልሶ ይጽፈው ነበር። በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው 80 ጊጋባይት ሲሆን፣ ሌላው ሥራ በዚያው መጠን ይጓተታል።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ቪኤምዌር በሐምሌ ወር ቪስፊር 4.1ን ሲያወጣ፣ የማሳቹሴትሱ ኢኤምሲ ኩባንያም በዚያው ዓመት ክላሪዮን ሲኤክስ4 ለተባሉት ማከማቻዎቹ ፍሌር 30 የተሰኘውን ማሻሻያ አቀረበ። ሲኤክስ4 የነበራቸው ደንበኞች አዲስ ማሽን ሳይገዙ ሦስት ነገሮችን አገኙ።

አንደኛው ግልባጭ ነው። ሰርቨሩ "ከዚህ ወደዚያ ገልብጥ" ብሎ ያዛል፤ ማከማቻው ራሱ ይሠራዋል። ሁለተኛው አዲስ ዲስክን በዜሮ መሙላት ነው። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ መላክ ቀርቶ በአጭር ትእዛዝ ይፈጸማል። ሦስተኛው የቁልፍ ጉዳይ ነው። ቀድሞ አንድ ሰርቨር የፋይል መዝገቡን ሲያስተካክል የጋራውን ዲስክ በሙሉ ስለሚቆልፈው ሌሎቹ ደጅ ይጠኑ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆለፈው የሚነካው ክፍል ብቻ ሆነ። ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ጠዋት በአንድ ጊዜ በሚነሡበት መሥሪያ ቤት ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል።

ማሻሻያው ግን ለሁሉም አልደረሰም። ቀዳሚው ሲኤክስ3 የነበራቸው ደንበኞች ፍሌር 30ን መጫን አይችሉም ነበር። በቪኤምዌር በኩልም አገልግሎቱ የተፈቀደው ከፍ ያሉትን ፈቃዶች ለገዙ ነበር። ደግሞም የግልባጩ ትእዛዝ የሚሠራው በአንድ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ መረጃው ወደ ሌላ ማከማቻ የሚሄድ ከሆነ ጉዞው እንደ ጥንቱ በሰርቨሩ በኩል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የቦታ አመዳደብ ነው። ለአሥር ቨርቹዋል ማሽኖች ለእያንዳንዳቸው 1 ቴራባይት ተሰጥቷል ተብሎ፣ በተግባር ያለው ዲስክ 4 ቴራባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የተሰጣቸውን እስካልተጠቀሙ ድረስ ገንዘብ ይቆጥባል። ዲስኩ የሞላ ዕለት ግን ተጨማሪ ቦታ የጠየቀው ማሽን ሁሉ ሥራውን ያቆማል። በዚያ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ማከማቻው ቦታው መለቀቁን አያውቅም ነበር።

ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2011 በቪስፊር 5 የተለቀቀው ቦታ በራሱ እንዲመለስ አደረገ። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ማከማቻዎች ላይ ትእዛዙ ረጅም ጊዜ እየወሰደ ሌላውን ሥራ ስላጓተተ፣ ኩባንያው ደንበኞቹ እንዲያጠፉት መከረ። አሠራሩ ተስተካክሎ፣ ቦታውን ቀስ በቀስ እየመለሰ እንዲሠራ ሆኖ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 በቪስፊር 6.5 ነው።

ዛሬ ክላሪዮን ከገበያ ወጥቷል፤ ኢኤምሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በዴል፣ ቪኤምዌር ደግሞ በ2023 በብሮድኮም ተጠቅልለዋል። ብሮድኮምም አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው ወደሚከፈል ኪራይ ለውጦታል። ትእዛዞቹ ግን በዛሬዎቹ ማከማቻዎችም ይሠራሉ። ስለዚህ ገዢ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢያነሣ ይበጀዋል፦ ማሻሻያው በእጁ ባለው ማሽን ላይ ይጫናል ወይ? የትኛውን ፈቃድ ይጠይቃል? ዲስኩ ሊሞላ ሲል አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ማን ነው? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ፣ በዲስክ ግዢ የተቆጠበው ገንዘብ ሥራ በቆመበት በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።