ጥንቸል ከመግዛት በፊት

ልጅዎ ጥንቸል ይገዛልኝ ብሎ ከጠየቀዎት መቱ ሆኜ የማረባ ሰው እንደመሆኔ የምመክርዎት አስቀድመው ቤቷን እንዲያሠሩ ነው። ጥንቸል ብርድን ትችላለች፤ እርጥበት ግን አይስማማትም። በመቱም ሆነ በጎሬ ደግሞ ዝናቡ ለወራት ይቆያል። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ተሐዋስ በበጠጧ ይወጣና እርጥብ ወለል ላይ ይጎለምሳል፤ ይበልጥ የሚገድለውም ግልገሎቹን ነው። ስለዚህ ቤቱ ከመሬት ከፍ ይበል፤ በጠጥና ሽንት ወደ ታች እንዲወርድ ወለሉ ክፍተት ይኑረው። ሣሩም ወለል ላይ ከሚጣል ታስሮ ይንጠልጠል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘር ጉዳይ ነው። ነጭ ጥንቸል ሁሉ ኒውዚላንድ ኋይት አይደለችም። ይህ ዘር ራሱ፣ ስሙ ቢያሳስትም፣ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ጥንቸል አርቢዎች ማኅበር በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች የምትቀርብ ጥንቸል በግራ ጆሮዋ ላይ መለያ ይነቀስላታል፤ በማኅበሩ መዝገብ ለመግባትም የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ያስፈልጋታል። የዘር ማስረጃው መዝገብ እንጂ መልክ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለልጅዎ አንድ ደብተር ይበቃዋል። የእናትና የአባት መለያ፣ የተገናኙበት ቀንና የተወለዱት ብዛት ይጻፍበት። እርግዝናው 31 ቀን ያህል ስለሆነ በ28ኛው ቀን የመውለጃ ሣጥን እንዲያስገባም ደብተሩ ያስታውሰዋል።

በመጨረሻም ገዢ ሳያፈላልጉ አያራቡ። በኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ ጥንቸል አይበላም፤ ግልገሎቹ ግን ገበያ ተገኘ አልተገኘ ይወለዳሉ።