የዘመነ መሳፍንት ጦርነቶች መንስኤና የዛሬው የፓርቲ ታማኝነት፦ ከደብረ ታቦር የተነሣ ክርክር

ዘመነ መሳፍንት በተለምዶ ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ከተገደሉበት ከ1761 ዓ.ም ጀምሮ ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም እስከ ነገሡበት እስከ 1847 ዓ.ም ድረስ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጠው ሳሉ፣ የሥልጣኑ ማእከል ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ደብረ ታቦር ነበር። ራስ ጉግሣ መርሶ ከተማዋን መቀመጫቸው ያደረጓት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጉናን ተንተርሳ፣ በአንድ ወገን ወደ ፎገራና ጎንደር፣ በሌላ ወገን በጋይንት በኩል የየጁ ራሶች የኃይል ምንጭ ወደ ነበረው ምሥራቅ ትመለከታለች። በመሆኑም የዘመኑን ጦርነቶች መንስኤ ለመመርመር ከደብረ ታቦር የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ አጭር ጽሑፍ በመንስኤው ላይ የሚቀርቡትን ዋና ዋና ማብራሪያዎች በሁለት ጦርነቶች ይፈትናል። ከዚያም የዛሬው የፓርቲ ወገንተኝነት ንባባችንን እንዴት እንደሚቀርጸው ያሳያል።

በመንስኤው ላይ ሦስት ማብራሪያዎች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ብሔርን ያስቀድማል፤ የኢዮአስ እናት ኦሮሞ መሆናቸውን፣ በቤተ መንግሥቱ በእናታቸው ዘመዶችና በእቴጌ ምንትዋብ የቋራ ወገኖች መካከል የነበረውን ፉክክር፣ በኋላም የየጁ ሥርወ መሳፍንት መነሣቱን በማስረጃነት ያቀርባል። ሁለተኛው ሃይማኖትን ያስቀድማል፤ የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ መምህራን ክርክር ከየአውራጃው መሳፍንት ጋር ተሳስሮ እንደ ነበረ ያስረዳል። ሦስተኛው ንግድን፣ የባሕር በርንና ጠመንጃን ያስቀድማል። ሞርደኃይ አቢር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ ለንግድ መስመሮችና ለእስልምና መነቃቃት ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ሽፈራው በቀለ በበኩላቸው የወረ ሼህ ገዥዎች አስተዳደር ዝም ብሎ ትርምስ ሳይሆን የራሱ አደረጃጀት የነበረው መሆኑን በማመልከት፣ «ሥርዓት አልባ ዘመን» የሚለውን ልማዳዊ ሥዕል ሞግተዋል።

የመጀመሪያው ፈተና በ1834 ዓ.ም የተደረገው የደብረ ታቦር ጦርነት ነው። የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ይዘው፣ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ተባብረው በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱ። ራስ ዓሊ በእናታቸው በእቴጌ መነን በኩል ከወረ ሂመኖ ሙስሊም ባላባቶች የሚወለዱ በመሆናቸው፣ ወደ እስልምና ያደላሉ የሚል ክስ ይቀርብባቸው ነበር። በዚህ ብቻ ቢፈረድ ጦርነቱ የሃይማኖት ይመስላል። ይሁንና የተዋሕዶ ደጋፊ የነበሩት ውቤ የተባበሩት የቅባት ትምህርት ሥር ከሰደደበት ከጎጃም ከተነሣ መስፍን ጋር ነበር። ውጤቱም ይህንኑ ጥርጣሬ ያጠናክራል። የውቤ ጠመንጃ ድል አድርጎ ራስ ዓሊ ሸሹ፤ ነገር ግን ድል አድራጊው በደስታ ላይ ሳለ የዓሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኩት። ምርኮኛው ውቤም አልተገደሉም፤ በድርድር ተለቀው ወደ ገዥነታቸው ተመለሱ። የእምነት ጠላትነት ዋናው መንስኤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ በስምምነት ባልተቋጨ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና በሰኔ 1845 ዓ.ም የተደረገው የአይሻል ጦርነት ነው። ራስ ዓሊን ድል አድርገው የየጁን የበላይነት ያከተሙት የቋራው ካሣ ኃይሉ የራስ ዓሊ የልጅ ባል ነበሩ። ወይዘሮ ተዋበችም ከአባታቸው ይልቅ ከባላቸው ጎን ጸንተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 1845 ዓ.ም በጉር አምባ ስለ ዓሊ ከካሣ ጋር ተዋግተው የወደቁት የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ናቸው፤ በ1834 ዓ.ም በዓሊ ላይ የተነሡት የብሩ ጎሹ አባት መሆናቸው ነው። ስለዚህ ብሔርም ሆነ የሥጋ ዝምድና ብቻውን የሰልፉን አሰላለፍ አያስረዳም።

ታዲያ ምን ያስረዳል? መልሱ ያለው በታማኝነቱ አሠራር ውስጥ ይመስላል። መስፍን ሠራዊት የሚይዘው በደመወዝ አልነበረም። ጉልት እየሰጠ፣ ወታደሩን በገበሬው ላይ እያሳደረ ነበር። ጉልት የሚሰጥ መሬት ደግሞ ውስን በመሆኑ፣ ለአንዱ ታማኝ ለመስጠት ከሌላው መንጠቅ የግድ ነበር። የሚሰጠው ያጣ ጌታ ሎሌው ይከዳዋል። ነጠቃውንና ክዳቱን የሚዳኝ ዙፋን በጎንደር ባለመኖሩ ጦርነት የተለመደ የድርድር ስልት ሆነ። ብሔር፣ ሃይማኖትና ጠመንጃ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋጋ አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። ወገን መጥሪያ፣ ክስ ማጽኛ፣ ድል ማፋጠኛ ሆነው አገልግለዋል። መንስኤና መሣሪያ መለየት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው።

የዛሬው አንባቢ ይህን ልዩነት የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ከማስረጃ እጥረት ሳይሆን ከወገንተኝነት ነው። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ካቀረበና፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 የመገንጠልን መብት ካጸደቀ ወዲህ፣ ዘመነ መሳፍንት የዛሬ ፓርቲዎች መከራከሪያ ሆኗል። የአንድነት ፖለቲካ ደጋፊ ስሙን የፌዴራሉን አወቃቀር ለመክሰስ ይጠራዋል። የብሔር ፖለቲካ ደጋፊ የአካባቢ ራስ ገዝነትን ወይም የአንድን ሕዝብ የሥልጣን ዘመን ያነብበታል። ሁለቱም ራስ ዓሊንና ውቤን የፓርቲ ሊቀ መንበር ያስመስሏቸዋል። ነገር ግን ፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ፣ ፕሮግራምና የአባልነት መዝገብ ያለው ድርጅት ነው፤ የመሳፍንቱ ሎሌነት ደግሞ ሰው ለሰው የሚታሰር፣ ጌታው ሲወድቅ የሚፈታ ቃል ኪዳን ነበር። ንጽጽሩ የሚያዋጣው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሥልጣን ለታማኝ የሚታደል ሲሳይ በሆነበት ሁሉ፣ ከሥልጣን መውረድ ከኑሮ መውረድ ይሆናልና ማንም በሰላም አይወርድም።

ይህ ጉዳይ ለደቡብ ጎንደር የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነት ጋይንትን አቋርጦ ወደ ደብረ ታቦር ተቃርቦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህም ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። የእነዚህ ጦርነቶች መንስኤም ከወዲሁ በየወገኑ እየተጻፈ ነው። ስለሆነም ተመራማሪው ማንኛውንም የመንስኤ ማብራሪያ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይጠቀማል፦ ማብራሪያው ወገን የለወጡትን ሰዎች ያስረዳል? ጦርነቱ የቆመበትን ስምምነት ያስረዳል? የጸሐፊው ፓርቲ ቢለወጥ ማብራሪያው ጸንቶ ይቆማል? የብሔሩም የሃይማኖቱም ማብራሪያ በደብረ ታቦርና በአይሻል የወደቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። የዛሬዎቹ ማብራሪያዎች ከሁሉ በላይ የሚፈተኑት በሦስተኛው ይሆናል።