የሐይቅ ነፋስ ለምን ከስልክ ትንበያ ይለያል?

ማለዳ እንደ መስታወት ረግቶ የሚታየው ጣና ከቀትር በኋላ ነጭ አረፋ በሚደፍቅ ሞገድ ሲናወጥ ይታያል። በዚያው ዕለት በእጅ ስልክ ላይ ያለው የአየር ትንበያ «ቀላል ነፋስ» ብሎ ሊሆን ይችላል። ትንበያው አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ስለ ሰፊው አካባቢ እንጂ ሐይቁ ራሱ ስለሚፈጥረው ነፋስ አይደለም። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ለሚሻገር ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

የነገሩ መነሻ ሙቀት ነው። ውኃን ማሞቅ እኩል ክብደት ያለውን ደረቅ አፈር ከማሞቅ አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ረፋድ ላይ የብሱ ሲግል ሐይቁ ቀዝቅዞ ይቆያል። በየብሱ ላይ የሞቀው አየር ቀሎ ወደ ላይ ሲወጣ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ሌሊት ሂደቱ ይገለበጥና ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ ይሄዳል፤ ይህኛው ግን ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው።

ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስለምትገኝ የቀን ነፋሷ ከሰሜን ይመጣል። ጎርጎራ ደግሞ በሰሜን ስላለች ከደቡብ ይነፍስባታል። በአንድ ሐይቅ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ተቃራኒ ነፋስ ማለት ነው። በሐይቁ ዙሪያ አውድማ ላይ መንሹን ይዞ ነፋስ የሚጠብቅ ገበሬ ይህን ያለ መሣሪያ ያውቀዋል።

ይህን ዕውቀት ወደ ስሌት ከቀየሩት መካከል በትልቅ የጨርቅ ካይት እየተጎተቱ ውኃ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ይገኙበታል። በሰሜን ጣሊያን ጋርዳ ሐይቅ ላይ ከሌሊት እስከ ረፋድ ከሰሜን የሚነፍሰው «ፔለር»፣ ከቀትር በኋላ ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ «ኦራ» ይባላል። ስፖርተኞቹ የነፋስ ቁጥር ብቻ አይተው ወደ ውኃ አይገቡም። ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው ሜዳና በሰሜን ተራሮች መካከል ባለችው ቦልዛኖ ከተማ ያለውን የአየር ግፊት ያነጻጽራሉ፤ ሰማዩ ጥርት ማለቱንም ይመለከታሉ። ደመና ተራሮቹን ከጋረደ የብሱ አይሞቅም፤ ኦራም ይደክማል።

ስልኩ ይህን ሁሉ የማያሳየው ለምንድን ነው? ዓለም አቀፍ የትንበያ ስሌቶች ምድርን በካሬ ይከፋፍሏታል። ከምርጦቹ በአንዱ የካሬው ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ ወደ 81 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በደቡብ ወሎ የሚገኘው ሐይቅ ሐይቅ ግን ስፋቱ ከ25 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በአንድ ካሬ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ ይታያል፤ ወሽመጦቹና ደሴቶቹ ግን በአግባቡ አይለዩም። በዚያ ላይ ትንበያው የሚሰጠው አማካይ ፍጥነትን ነው። የነፋስ ግፊት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ታንኳን የሚገለብጠውም አማካዩ ሳይሆን ድንገተኛው ግፊያ ነው።

የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው። ጥርት ባለ የበጋ ቀን፣ ማለዳው ረጋ ያለ ቢሆንም፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ መጠበቅ ይገባል። ስልኩ የሚያሳየው አጠቃላይ ነፋስ ከሐይቁ ነፋስ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ይደመራሉ፤ ተቃራኒ ከሆነ ይዳከማሉ። በጎርጎራና በባሕር ዳር መካከል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ውኃ አለ፤ ሞገድ ረጅም መንገድ ሲያገኝ ያድጋል። ጣና ከ15 ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ስላለው ደግሞ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ለታንኳ ይህ ከረጅም ሞገድ የከፋ ነው።

ከሁሉ አስፈሪው የነጎድጓድ ወጀብ ነው። ከዝናቡ ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይሮጣል፤ ከዝናቡም ኪሎ ሜትሮች ቀድሞ ይደርሳል። በዳርቻ ላይ የሚነሣ አቧራ፣ በሩቁ ውኃ ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር፣ ሞቃት የነበረው አየር በድንገት መቀዝቀዝ ምልክቶቹ ናቸው። ጥቁሩ መስመር በታየ ጊዜ የቀረው ጊዜ የደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀዛፊው ወደ ታሰበበት ሳይሆን ቅርብ ወደሆነው ዳርቻ መዞር አለበት።