ጊዮርጊስ የሚለው ስም

በላስታ፥ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለውን የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ሊሳለም ለሄደ ሰው ካህናቱ በአለቱ ላይ የፈረስ ኮቴ ምልክት ያሳዩታል። ንጉሥ ላሊበላ ሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት ሠርቶ በፈጸመ ጊዜ ሰማዕቱ በፈረስ መጥቶ ስለ ምን ለእኔ አልሠራህልኝም ብሎ ወቀሰው፤ ንጉሡም ከሁሉ ያማረውን ሠራለት ተብሎ ይተረካል።

ስለዚህ ስሙ ሲነሣ በአሳባችን የሚመጣው ጦር የያዘ ፈረሰኛ ነው። የስሙ ሥር ግን ሌላ ነው። በጽርእ ቋንቋ ጌ ማለት ምድር፥ ኤርጎን ማለት ሥራ ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው ጌኦርጊዮስ፥ ይኸውም ምድርን የሚሠራ ገበሬ ማለት ሆነ። ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሆነን በሬውን ጠምዶ የሚያርሰውን የላስታ ባላገር ስናይ የስሙን ትርጓሜ አየን ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ተብለው 6 ነገሥታት ነግሠዋል። ከነዚህም ሦስተኛው እርሻ ወዳጅ ስለ ነበረ «ገበሬው ጆርጅ» እያሉ ያፌዙበት ነበር፤ የሚያፌዙትም ሰዎች አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መናገራቸውን ሁሉም ያወቁት አይመስለንም።

በአገራችን መጽሐፈ ምሥጢርን እንደ ደረሱት እንደ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ስሙን ለብቻው የያዙ አሉ። የሚበዛው ግን ከሌላ ቃል ጋራ ተጣምሮ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስ ነበረ፤ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ኀብተ ጊዮርጊስም በዚሁ ስም ታውቀዋል። የዋግና የላስታው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ሲነግሡ የጀግና ስማቸውን ትተው ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ፤ በቃል ቢፈታ የገበሬ ተክል ማለት ነው። ተክሉ ግን አልቆየም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በባለቤታቸው በወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ ወንድም፥ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ።

ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የተሰጣቸውን ስም ቤተ ሰብ ያሳጥረዋል፤ ተክለ ጊዮርጊስ «ተክሌ»፥ ገብረ ጊዮርጊስ «ገብሬ» ይባላል። በቤት ለቍልምጫ ሲሆን ደስ ያሰኛል፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ግን እንዲሁ ቈርጠው የሚያጽፉትን ወላጆች አናመሰግንም፤ ስእለታቸውን ትተው ቅጽሉን ብቻ ማስጻፋቸው ነውና። ሆኖም ገብሬም ገበሬም ሥራን ከሚያመለክተው ከግዕዙ ገብረ የወጡ ናቸው፤ በጽርእ የተቈረጠው ገበሬ በግዕዝ በር ተመልሶ ይገባል።