አዋሳኝ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ

ወሩ ታኅሣሥ ነው እንበል፤ ቦታው በካፋ ያለችው ቢታ ገነት፣ በአንድ ጓሮ የተዘረጋ የቡና አልጋ። ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶበታል፤ ባለቤቲቱ እየዞረች ታገላብጠዋለች። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየው ቡና እኩለ ቀን ሲሆን ግማሹ ጥላ ውስጥ ይገባል። ጥላው የሚመጣው በደቡብ በኩል ካለው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ነው። ዛፎቹ ከአጥሩ አንድ እርምጃ ርቀው ተሰልፈዋል። ሲተከሉ ከጉልበት አይበልጡም ነበርና ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለም። አሁን ግን ሁለቱ ጎረቤቶች ሰላምታቸውም ቀዝቅዟል።

ይህን ጠብ ብዙ ጊዜ የድንበር ጠብ እንለዋለን። እኔ ግን የጊዜ ጠብ ነው እላለሁ። ድንበሩማ አልተነካም፤ ችግኙ የተተከለው በባለቤቱ ይዞታ ውስጥ ነው። ድንበር የተሻገረው ዛፉ ካደገ በኋላ ነው፤ በጥላው፣ በሥሩ፣ በቅርንጫፉ።

የጥላውን ነገር እንስፈረው። ካፋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ 15 ሜትር የሚረዝም ዛፍ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 9 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞርና ከ5 ሜትር ያጥራል፣ እሱም ቢሆን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ብዙም አያስቸግርም። እንግዲህ በደቡብ በኩል የተተከለ የጎረቤት ዛፍ የሚጎዳው ቡና በሚደርቅበት ወር ነው። በሰሜን በኩል የቆመ ያው ዛፍ አልጋውን አይነካም። ሽማግሌ ሆኖ የሚዳኝ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ዛፉ በየት በኩል እንደቆመ ነው። ስለ መውደቅም እንዲሁ፦ ከድንበሩ 1 ሜትር ላይ የቆመ 15 ሜትር ዛፍ ነፋስ ከጣለው እስከ 14 ሜትር ድረስ ጎረቤት ግቢ ሊገባ ይችላል። እዚያ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ካለ፣ የሚያስፈራው ሥሩ ሳይሆን ግንዱ ነው።

ሥሩን በተመለከተ በአገራችን የተለካ ነገር አለ። በማዕከላዊው ደጋ ጥቁር አፈር ላይ፣ በማሳ ድንበር የተተከለ ባሕር ዛፍ ጤፍንና ስንዴን ምን እንደሚያደርግ ተጠንቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ምርቱ በግልጽ የቀነሰው ከዛፉ መስመር እስከ 12 ሜትር ድረስ ነበር፤ ለጤፍ ከ20 እስከ 73 በመቶ፣ ለስንዴ ከ20 እስከ 51 በመቶ። ካፋ ዝናብ አታጣም፤ በጓሮዋም ያለው እንሰትና ቡና ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ እዚህ ማምጣት አይገባም። 12 ሜትር ግን ጓሮ ለጠበበበት ከተማ ትልቅ ስፋት ነው። ከአጥሩ አንድ እርምጃ ሸሽቶ የተከለ ሰው ጎረቤቱን ከሥሩ አድኗል ማለት አይደለም።

ደግሞ ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። የጎረቤት ዋንዛ ወይም ሰሳ በቡናዬ ላይ ቢያዘነብል ደስ ይለኛል፤ ቡናው ጥላ ይፈልጋል፣ ቅጠሉም ወርዶ አፈር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ከመክሰስ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረት ግን የራሱ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፉ የጎረቤትህ ሀብት ነው፤ ሌሊት ገብተህ በመጥረቢያ ብትጥለው በወንጀል ትጠየቃለህ። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በመብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የአገራቸው ሕግ ደግሞ፣ ሌላ ደንብ ወይም ልማድ ከሌለ፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ከድንበር ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ ይላል፤ ድንበር ያለፈን ሥርም ጎረቤቱ ራሱ እስከ ወሰኑ ድረስ መቁረጥ ይችላል። እኔ ሁለት ሜትሩ ለባሕር ዛፍ በቂ አይመስለኝም። ቢሆንም የታወቀ ልክ መኖሩ ችግኝ የሚተክለውን ሰው አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ወደ ሽማግሌ ስንሄድ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ይቆረጥልኝ» ነው። ባለ ዛፉ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እነዚያ ግንዶች ለእሱ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ማገርና ምሰሶ ናቸው። ገና ያልደረሰ ዛፍ ቁረጥ ማለት ብር ጣል ማለት ነው። የሚያስማማው ጥያቄ «መቼ ትቆርጠዋለህ?» የሚለው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለምሰሶ የሚደርስ ከሆነ፣ ባለ ቡናዋ እስከዚያ አልጋዋን ወደ ሌላው የግቢ ጥግ ብታዛውር፣ እሱም ወደ አጥሩ ያዘነበሉትን ቅርንጫፎች ቢመለምል፣ ሁለቱም ብዙ አይጎዱም።

ዋናው ነገር የሚመጣው ግን ከቆረጠ በኋላ ነው፤ እርቁ የሚፈርሰውም እዚያ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የቆየ ስለሆነ አዲሱ ቡቃያ ከመጀመሪያው ችግኝ ፈጥኖ ይነሣል፤ በአንድ ግንድ ቦታም ብዙ ቡቃያ ይወጣል። «ቆረጥኩልሽ» ብሎ እጁን ያጠበ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በበለጠ ጥላ ይከሰሳል፤ እሷም የተታለለች ይመስላታል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በሚጽፉት ውል ውስጥ ጉቶ የሚለው ቃል መኖር አለበት፦ በአጥሩ በኩል ያለው ረድፍ ጉቶው ይነቀላል፣ ወይም ቡቃያው ይመለመላል፤ የሚተካው ረድፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የጉቶውን ቁፋሮ ሁለቱ ቤቶች በደቦ ይሠራሉ። ባለ ዛፉ ሥራው ከበዛበት፣ ቡቃያውን ገና ለስላሳ ሳለ ባለ ቡናዋ እንድትገነጥለው ፈቃዱን በውሉ ውስጥ ያስፍር። በዚያ ዕድሜው ቡቃያውን ለመገንጠል መጥረቢያ አያስፈልግም፤ በእጅ ይገነጠላል።