ያውቁ ኖሯል? የዘይት ማንጠሪያው መሣሪያና የኮሰረት ምስጢር

ቅጠላ ቅጠልን በዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ሙቀቱንና ሰዓቱን በራሱ እየመጠነ መዓዛቸውን የሚያወጣው የኤሌክትሪክ መሣሪያ በባሕር ማዶ ማዕድ ቤቶች እንደ አዲስ ግኝት ቢታይም፣ የአቃቂ ቃሊቲ ባልትና ዐዋቂ እናቶች ቅቤውን በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በአብሽ ሲያነጥሩ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሙሉ ቅቤ በሚከለከልበት ጊዜ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ዘይት አሻግረው የጾሙን ወጥ ሲያጣፍጡ፣ የሚፈጽሙት ምስጢር ያው አንድ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

የእነዚህ ዕፀዋት መዓዛ በባሕርዩ ከውሃ ይልቅ በቅባት የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ ለዘብ ያለ ሙቀት ሲያገኘው ከቅጠሉ ወጥቶ ከቅባቱ ጋር ይዋሐዳል፤ እሳቱ ከበረታ ግን መዓዛው ተንኖ ይጠፋል፣ ቅመሙም ያርራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ በሆነችው አቃቂ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነውና፣ ውሃው እስካለ ድረስ የቅቤው ሙቀት ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ በቅቤው ያለው ውሃ በዝግተኛ እሳት ተንኖ እስኪያልቅ፣ የድስቱም ድምፅ ጸጥ እስኪል መጠበቅ በእውነት ታላቅ ጥበብ ነው።

መሣሪያው ግን ብዙ ጊዜ ከ93 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሚሠራ የቅጠሉን ውሃ አያስወግድም፤ የቀረው ውሃም ለተሕዋስ መራቢያ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ከማቀዝቀዣ ውጭ ቢሰነብት፣ አየር በሌለበት የሚራባው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ በጠረንም ሆነ በጣዕም የማይታወቅ ገዳይ መርዝ ሊያፈልቅበት ይችላል፤ ስለዚህ በመሣሪያው የሚያነጥር ሰው በሚገባ የደረቀ ኮሰረት ይምረጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለበትንም በማቀዝቀዣ አኑሮ በጥቂት ቀን ይጨርሰው።