የተዘጋውን ፋይል ማንበብ፤ ራዳሬ 2 እና የኋሊዮሽ ምህንድስና

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዓለም ላይ መሠራጨት ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ወረረ። የሰዎችን ፋይሎች በምስጢር ቁልፍ እየቆለፈ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር በርካታ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ምን እንደ ጻፉ ለማንም አላሳዩም፤ በተመራማሪዎች እጅ የነበረው ፋይሉ ብቻ ነው። ለመሆኑ ቁጥር ብቻ የሞላበት ፋይል እንዴት ይነበባል? በዚህ ጽሑፍ ይህን የንባብ ጥበብና ለዚሁ ተግባር የተሠራውን ራዳሬ 2 የተባለ የመሣሪያዎች ስብስብ እንመለከታለን።

ከጽሑፍ ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ትርጉም

አንድ የፕሮግራም አዘጋጅ ሲ በመሰለ ቋንቋ የሚጽፈው ምንጭ ኮድ ሰው ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነው። ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ ይህን ጽሑፍ ፕሮሰሰሩ ወደሚፈጽማቸው ቁጥሮች ይለውጠዋል፤ ውጤቱም ባይነሪ ፋይል ይባላል። በዚህ ሂደት አዘጋጁ ያሰፈራቸው ማብራሪያዎች በሙሉ፣ ለተለዋዋጮች የሰጣቸው ስሞችም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋሉ። ከቁጥሩ ተነሥቶ የአሠራሩን ሐሳብ መልሶ ማግኘት ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ወይም የኋሊዮሽ ምህንድስና ይባላል። ያለቀ ጥለት አገላብጦ ሸማኔው ክሩን እንዴት እንዳስኬደው እንደ መመርመር ያለ ሥራ ነው።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ አልፎ ከሚያሳርፋቸው ነጠብጣቦች ተነሥተን የአቶሞችን አሰላለፍ እናሰላለን። አቶሞቹን በዓይናችን አላየንም፤ ዱካቸውን ግን አንብበናል። በባይነሪ ፋይልም እንዲሁ ነው። የተለያዩ ምንጭ ኮዶች አንድ ዓይነት ባይነሪ ሊሰጡ ስለሚችሉ ዋናውን ጽሑፍ ቃል በቃል መመለስ አይቻልም፤ የሚሠራውን ሥራ ግን ማወቅ ይቻላል።

የራዳሬ አመጣጥ

የራዳሬን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ፓንኬክ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ሰርጂ አልቫሬዝ ነው። የመጀመሪያ ዓላማው በሃርድ ዲስክ ላይ መረጃ ፈልጎ መልሶ ማግኘት የሚያስችል ቀላልና ነፃ የባይት ማረሚያ መሥራት ነበር። በኋላም ፕሮግራሙ ከመሠረቱ እንደገና ተጽፎ ራዳሬ 2 ተባለ። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ከትእዛዝ መስመር የሚሠሩ በርካታ ትንንሽ መሣሪያዎችን ይዟል። አንደኛው የፋይሉን ዓይነትና ክፍሎች ይናገራል፤ ሌላው የማሽን ቁጥሮችን ወደ አሴምብሊ ቋንቋ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ሁለት ፋይሎችን አነጻጽሮ ልዩነታቸውን ያሳያል።

የፋይሉ ዓይነት የሚታወቀው ከመጀመሪያዎቹ ባይቶች ነው። በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ማንኛውም መደበኛ ፕሮግራም በ127፣ 69፣ 76 እና 70 ይጀምራል። ኋለኞቹ ሦስቱ ኢ፣ ኤል እና ኤፍ የተባሉት የላቲን ፊደላት መለያ ቁጥሮች ናቸው።

የአንዲት ቢት ክብደት

የንባቡ ዋና ፍሬ ያለው ፕሮግራሙ ውሳኔ በሚሰጥባቸው ቦታዎች ላይ ነው። በኢንቴል ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ 74 የሚል ባይት «ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዝለል» ማለት ሲሆን፣ 75 ደግሞ «እኩል ካልሆኑ ዝለል» ማለት ነው። በሁለትዮሽ አጻጻፍ የመጀመሪያው 01110100፣ ሁለተኛው 01110101 ነው። ልዩነታቸው አንዲት ቢት ብቻ ናት፤ ያቺ ቢት ስትለወጥ ግን ውሳኔው ይገለበጣል። የይለፍ ቃሉ ትክክል የሆነለትን ሰው የሚያስገባ ፕሮግራም የተሳሳተውን አስገብቶ ትክክለኛውን ሊመልስ ይችላል። ራዳሬ 2 እነዚህን መንታ መንገዶች በሥዕል አስደግፎ ስለሚያሳይ አንባቢው የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ይከታተላል።

ዋናክራይንም የገታው እንዲህ ያለ ውሳኔ ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ረጅምና ትርጉም የለሽ የኢንተርኔት አድራሻ ለማግኘት ይሞክር ነበር፤ መልስ ካላገኘ ይቀጥላል፣ ካገኘ ራሱን ያቆማል። አድራሻው በማንም ስም አልተመዘገበም ነበርና እንግሊዛዊው ተመራማሪ ማርከስ ሃቺንስ በ10 ዶላር ገደማ አስመዘገበው። ምዝገባው ሥርጭቱን እንደሚያስቆም አስቀድሞ አላወቀም፤ ይህ የተረጋገጠው ኮዱ ሲመረመር ነው። አስቀድመው የተቆለፉት ፋይሎች ባይመለሱም ሥርጭቱ ግን በእጅጉ ተገታ።

መሣሪያው ክፍት መሆኑ ምን ይጠቅማል?

በዚህ መስክ የሚሠራባቸው አንዳንድ የንግድ ሶፍትዌሮች ለተማሪ የማይቀመሱ ውድ ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ጊድራ የተባለውን የራሱን መሣሪያ በነፃ መልቀቁም ለተማሪው ተጨማሪ አማራጭ ሆኗል። ሆኖም የክፍትነት ትልቁ ጥቅም ዋጋ ብቻ አይደለም። የላቦራቶሪ ሚዛን ትክክለኛነቱ እንደሚፈተሽ ሁሉ የምርመራ መሣሪያም ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ምንጭ ኮዱ ክፍት በሆነ መሣሪያ የተገኘን ውጤት የሚጠራጠር ሰው መሣሪያው እንዴት እንደ ደረሰበት እስከ መጨረሻው መከታተል ይችላል።

መሣሪያው ግን ሁሉን አዋቂ አይደለም። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካረጋገጠው የሂሳብ እውነት እንደምንረዳው ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለውን ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ዘዴ ሊኖር አይችልም። አጥፊ ፕሮግራም የሚጽፉም ኮዳቸውን ሆን ብለው ያወሳስባሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ የአንባቢው አእምሮ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ ተማሪዎች በሲ ቋንቋ ሁለት ቁጥሮችን የሚያወዳድር አሥር መስመር ያህል ፕሮግራም ጽፋችሁ በራዳሬ 2 ክፈቱት። የጻፋችሁትን ስለምታውቁ ያነበባችሁትን ታረጋግጣላችሁ። ምንነቱ ያልታወቀ ፋይል ግን በምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ አታስነሡ፤ የሌላን ሰው ሶፍትዌር ከመመርመራችሁ በፊትም ሕጉ የሚፈቅደውን እወቁ። ዛሬ ባንኩም ሆስፒታሉም ስልኩም የሚሠሩት ብዙዎቻችን አንብበናቸው በማናውቃቸው ፋይሎች ነው። አንድ ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ከአምራቹ መግለጫ ሌላ የፋይሉን ምስክርነት መስማት የሚችል ትውልድ ያስፈልገናል።